ድፍን ሃያ ኪሎ

«መቀነስ» የሚለውን ቃል የተማርኩት ከሂሳብ መጽሐፍ አይደለም፤ ከጎረቤታችን ከረጅሙ ሰውዬ ነው። ረጅሙ ሰውዬ ክር ፋብሪካ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ወደ ሥራ ሳይሄድ ቀረና ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዋለ። በነጋታውም እንደዚያው። ትንሽ ቆይቶ አንድ ቅዳሜ አልጋቸው ተፈታትቶ ጋሪ ላይ ተጫነ፤ ሳህኑ፣ ፍራሹ፣ ዘወትር አብራኝ የምትጫወተው ልጁ ሳትቀር ጋሪው ላይ ወጣችና ሄዱ። እናቴን የት ሄዱ ብዬ ብጠይቃት፣ የታጠበ ልብስ እያሰጣች ዞር እንኳ ሳትል «ምን ይደረግ፣ ቀነሷቸው» አለችኝ። እኔም መቀነስ ማለት ሰውን ከነበረበት አንስቶ መውሰድ ነው ብዬ ያዝኩ። ትልቅ ሰው ቃል ሲወረውር ማን ላይ እንደሚያርፍ አያይም።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ እስከ ጣሪያ የሚደርስ የጨርቅ መደርደሪያ፣ የተረፈችውን ቦታ ደግሞ አባቴ ራሱ ሞልቷታል። ወፍራም ነበር። ያኔ ግን በውፍረቱ የሚያሽሟጥጠው አልነበረም፤ እንዲያውም ደንበኞቹ ሲገቡ «ተመችቶሃል» ይሉታል፣ እሱም ደስ ብሎት ሆዱን መታ መታ ያደርጋል። የራሱን ሱሪ ወገብ በየጊዜው ይተረትርና ቁራጭ ጨርቅ ጨምሮ ያሰፋዋል። እናቴ ይሄ ሱሪ ሲብስበት ድንኳን ይወጣዋል እያለች ትስቅበት ነበር። እሱም አብሯት ይስቃል፣ ከዚያ ዳቦውን ያነሳል።

ያን ቀን እኔ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብዬ ቁልፎች በየቀለማቸው እየለየሁ ነበር። አባቴ ከላይኛው መደርደሪያ የጨርቅ ጥቅል ሊያወርድ መሰላል ላይ ወጣ። ወረደ። ከዚያ ጥቅሉን እንዳቀፈ መሬት ላይ ተቀመጠ። እሱ መሬት ላይ ተቀምጦ አይቼው ስለማላውቅ መጀመሪያ ሊያጫውተኝ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅኩለት። እሱ ግን አልሳቀም። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል፣ አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አፉን እንደከፈተ ዝም ብሏል። «አባዬ» ብለው አልመለሰልኝም። ደጋግሜ ብጠራውም አልመለሰልኝም። በባዶ እግሬ መንገዱን ተሻግሬ እናቴን ጠራኋት።

እህቴ ትምህርት ቤት ስለነበረች፣ እኔን የሚይዝ ሰው ጠፍቶ ክሊኒክ ይዘውኝ ሄዱ። እስክንደርስ ድረስ አባቴ ቀለም ተመልሶለት ነበር፤ ምንም አልሆንኩም፣ ዝም ብላችሁ ነው ሰው የምታስቸግሩት እያለ ያጉረመርማል። ነርሷ ሚዛን ላይ አቆመችው። የብረት ሚዛን ነው፤ ሲወጣበት ሲጢጥ አለ። ቁጥሩን አይታ እናቴን ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ እኔ ፈዝዤ ስመለከታት ጊዜ አሳዘንኳት መሰለኝ፣ ነይ እስቲ አንቺም ውጪ አለችኝ። ወጣሁ።

«ድፍን ሃያ ኪሎ!» አለች። «ከፍም ዝቅም የማይል።»

አባቴ በዚያ ሁሉ ጭንቁ መሃል ፈገግ ብሎ ጭንቅላቴን ዳበሰኝ። እኔም ሃያ ኪሎ መሆን ትልቅ ሹመት መስሎኝ ኮራሁ።

ኩራቴ ኮሪደሩ ድረስ እንኳ አልቆየም። አባቴና እናቴ ዶክተሩ ጋ ሲገቡ እኔን ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። በሩ በደንብ የማይገጥም ስለነበር የውስጡን ወሬ ያሰማል። ሽታው ሳሙናና መድኃኒት የተቀላቀለበት ነው። ዶክተሩ ብዙ ተናገረ። ብዙው አልገባኝም፤ ልብ አለ፣ ግፊት አለ፣ ስብ አለ። ከዚያ ግን አንድ ነገር በደንብ ገባኝ።

«ሃያ ኪሎ መቀነስ አለብዎት» አለው አባቴን።

እግሬን ማወዛወዝ አቆምኩ። እናቴ በቀጭን ድምፅ ሃያ ኪሎ ሙሉ እንዴት ሆኖ ነው የሚሄደው ብላ ጠየቀች። ዶክተሩ ሌላ መንገድ የለም አለ፤ ልብዎ አልቻለም፣ ይሄን ተሸክመው መኖር አይችሉም አለ። አባቴ ደግሞ በየማታው ከሱቅ ሲመለስ በትከሻው የሚሸከመው እኔን ነው። ከዚያ ዶክተሩ ድምፁን ለስለስ አደረገ።

«ለልጆችዎ ሲሉ ይቀንሱ።»

እናቴ ስታለቅስ ሰማኋት። ወጥታም ዓይኔን ማየት አልቻለችም፤ ዝም ብላ እቅፍ አድርጋ አነሳችኝና አንገቷ ውስጥ ሸጎጠችኝ። ዛሬ ሳስበው ያለቀሰችው ባሏ ሊሞትባት ስለሆነ ነው፤ ያቀፈችኝም ሰው የሆነ ነገር ማቀፍ ስላማራት ነው። ያኔ ግን ስንብት መሰለኝ። የረጅሙ ሰውዬ ልጅ ጋሪ ላይ ስትወጣም እናቷ እንዲሁ አቅፋት ነበር።

ለልጆቹ ሲል አንዷን መቀነስ። ልጆቹ ደግሞ ሁለት ነን። ማታ ራት ሳይቀርብ እህቴን ስንት ኪሎ ነሽ አልኳት። አራተኛ ክፍል ስለነበረች ሁሉን የምታውቅ ይመስላታል፤ ሠላሳ አምስት ብላ በኩራት መለሰችልኝ። ስለዚህ እሷ አይደለችም። መቀነስ ምን ማለት ነው ብዬ ደግሞ ጠየቅኳት፣ ምናልባት የማላውቀው ሌላ ትርጉም ካለው ብዬ። ከደብተሯ ቀና ሳትል ከብዙ ላይ ጥቂት መውሰድ ነው አለችኝ። «ለምሳሌ እኛ አራት ነን። ከአራት አንድ ሲቀነስ ሦስት።» እንግዲህ ምን ቀረኝ? ቁርጤን አወቅኩ።

ለማንም አልነገርኩም፣ በሆዴ ያዝኩት። ልጅ ሲፈራ ይጮኻል የሚል ሰው ልጅነቱን የረሳ ነው። የእውነት የፈራ ልጅ ዝም ይላል፤ ከተናገርኩ እውነት ይሆናል ብሎ ይሰጋል። ሳህን ሲቀርብልኝ ቶሎ እወስዳለሁ፣ ሲጠሩኝ ቶሎ አቤት እላለሁ፣ የማስቸግር መስዬ እንዳልታይ ጥግ ጥጉን እሄዳለሁ። እናቴ ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው እንዲህ ጨዋ የሆነችው እያለች ለጎረቤት አወራች። ጨዋ አልነበርኩም፤ የምኖርበት ቤት እንዳያባርረኝ እየለመንኩ ነበር።

በዚያው ሰሞን አክስቴ መጣች። አክስቴ የእናቴ ታናሽ፣ የስፖርት አስተማሪ ናት፤ ፊሽካዋን ከአንገቷ ሳታወልቅ ነው ሰው ቤት የምትገባው። አባቴን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ልክ ልኩን ነገረችው። የሚበላ ነገር ሁሉ ጉልበት አለው፣ ካሎሪ ይባላል አለችው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው በቀን ሁለት ሺህ ቢያገኝ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ የገባው ሁሉ ትርፍ ነው፣ ትርፍ ደግሞ ይከማቻል።

«አንተ ጋሼ የድንጋይ ጫኝ ምግብ እየበላህ የልብስ ሰፊ ሥራ ትሠራለህ» አለችው። «የቀረው የት የሚሄድ መሰለህ?»

አባቴ ሳቀ። እኔ በሩ ጀርባ ሆኜ አልሳቅኩም። ካሎሪ የሚሉትን ሰውዬ አላውቀውም ነበር፤ ስሙ ግን ደስ አላለኝም። በቀን ሁለት ሺህ ለምን እንደሚፈልግም አልገባኝም። እናቴ ለምን ቶሎ አይጨርሰውም፣ ለጥቂት ሳምንት ምግብ ቢያቆምስ ብላ ጠየቀች። አክስቴ ፊሽካዋን ጨብጣ አይሆንም አለች፤ እንዲያ የሚያደርግ ሰው ጉልበቱን ያጣል፣ ተርቦም ሲመለስ እጥፍ ይበላል፣ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከሄደ ግሩም ነው አለች። ከዚያ የተናገረችው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«በአንዴ የሄደ ተመልሶ ይመጣል። ቀስ ብሎ የሄደ ነው የማይመለሰው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማሽም?»

በእግሩ! በጋሪ እንኳ ሊወስዱኝ አይደለም ማለት ነው፤ በገዛ እግሬ ሊያስኬዱኝ ነው። ደግሞ እንዳልመለስ አድርገው፣ ቀስ ብለው። አክስቴ ቀጠለችና በየጧቱ በእግር መሄድ አለብህ አለችው፤ መጀመሪያ ቅርብ፣ ከዚያ ትንሽ ራቅ፣ ከዚያ ደግሞ ራቅ። ወደ በሩ ዞር ስትልም ጀርባው የተደበቅኩትን አየችኝና በጣቷ ጠቆመችኝ።

«ይህችንም ይዘሃት ትሄዳለህ።»

ያዘዘችበትን ምክንያት ያወቅኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ አክስቴ ራሷ እየሳቀች ስትነግረኝ ነው። መንገዱ ላይ አንድ ዳቦ ቤትና የአባቴ ጓደኛ ሻይ ቤት ነበሩ። ብቻውን ከለቀቅኩት ሻይ ቤቱ ቁጭ ብሎ ስኳር በስኳር ሆኖ ነው የሚመለሰው፣ ልጅ ካለች ግን ያፍራል ብላ ነው። ጠባቂ አድርጋ ነው የላከችኝ። እኔ ደግሞ እስረኛ ነኝ ብዬ ሄድኩ።

ጧት ጧት ገና ሱቆች ሳይከፈቱ እንወጣለን። አባቴ እጄን ይይዘኛል፤ መዳፉ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር። መስታወት ቆራጩን እናልፋለን፣ ጋራዡን እናልፋለን፣ አንድ የማትጮህ፣ አይታ ብቻ የምትሸኝ ውሻ አለች፣ እሷንም እናልፋለን። እሱ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነው፤ እኔ ትንፋሼን ይዤ ነው። እያንዳንዱን በር፣ እያንዳንዱን ቀለም፣ የቱ ጋ እንደታጠፍን በቃሌ እይዛለሁ፣ ሲጥሉኝ ብቻዬን እንድመለስ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመርን ነበር የምንሄደው። ትናንት ከዞርንበት ቦታ ዛሬ ስናልፍ የመጨረሻውን በር ቀለም ለራሴ ደጋግሜ እላለሁ። አባቴ እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ያየኝና «ለመድሽው አይደል?» ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስ? አዎ ካልኩ መልመዴን ያውቃሉ፣ አይ ካልኩ ደግሞ አስቸጋሪ ናት ይላሉ። እጁን ብቻ ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ። እሱ እኔ የማልደርስበት ሩቅ ነገር የሚያስብ ይመስል ፊቱን መልሶ ያዘግማል። ያን ጊዜ ላስቃት ብሎ ወሬ እየፈለገ እንደነበር አሁን ገብቶኛል፤ አብሮኝ መሄዱን ወዶት ነበር።

መሄዱን ማስቀረት እንደማልችል ሳውቅ ሌላ ዘዴ ፈለግኩ። የሚፈለገው ሃያ ኪሎ ነው። እኔ ሃያ ካልሆንኩ ማንም ሃያ ነሽ ብሎ ሊወስደኝ አይችልም። ስለዚህ መብላት። ቤታችን ደግሞ እንደ ድሮው አልነበረም፤ እናቴ ዘይቱን በማንኪያ ነው የምትለካው፣ ስኳሩ ከጠረጴዛው ጠፍቷል፣ የአባቴ ሳህን ላይ ጎመኑ ግማሹን ይዞ ሩዙ ጥግ ላይ ተቀምጧል። እሱ ያን ሩዝ ሲያየው እንደ ተቀማ ሰው ነበር። እኔ ግን የተረፈ ካለ አንስቼ እጎርሳለሁ፣ የእህቴንም ትርፍ እበላለሁ፣ እስኪያመኝ እበላለሁ።

ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሀብት አገኘሁ። ቁራጭ ጨርቅ የሚጣልበት ዘንቢል አለ፤ አንድ ቀን ለአሻንጉሊቴ ቀይ ጨርቅ ስፈልግ ከሥሩ በወረቀት የተጠቀለለ ጣፋጭ ዳቦ እጄ ላይ መጣ። ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅኩም። በላሁት። በሌላው ቀንም ነበር፣ በላሁት። አባቴ አንድ ጊዜ ዘንቢሉ ውስጥ እጁን ሰዶ ብዙ ሲፈልግ ቆየና ባዶውን ወረቀት አውጥቶ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። አገጬ ላይ ፍርፋሪ ነበር። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ማታ ሱቅ ውስጥ አይጥ ሳትገባ አልቀረችም ብሎ ለእናቴ ነገራት። እናቴም አይጥ ጨርቅ ጋ ምን ትሠራለች ብላ በነገሩ ገርሟት ቀረ። አባቴ ሌባ ነው፣ እኔ ደግሞ ሌባውን የምሰርቅ፤ ለሆዱ የደበቀውን እየበላሁ ሳላውቀው ልቡን እየጠበቅኩለት ነበር።

ታዲያ ውጤቱን ለማየት ሰፈራችን ያለው እህል ነጋዴ ጋ ሄድኩ። ጆንያ የሚመዝንበት ትልቅ ሚዛን አለው። መዝነኝ አልኩት። ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበርና አንስቶ አስቀመጠኝ። መርፌዋ ተወዛውዛ ቆመች።

«ሃያ» አለኝ። «በስንት ልሽጥሽ?»

ከሚዛኑ ዘልዬ ወርጄ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። ያን ሁሉ በልቼ እንዴት ሃያ ሆኜ እንደቀረሁ ሊገባኝ አልቻለም፤ የሆነ ነገር አስሮ የያዘኝ መሰለኝ። አክስቴን ብጠይቃት በአንድ ቃል ትነግረኝ ነበር። በየጧቱ ያን ሁሉ መንገድ እየሄድኩ፣ በፍርሃትም ቀኑን ሙሉ ስንቀዠቀዥ እየዋልኩ፣ የበላሁትን በእግሬ አጠፋው ነበር። የገባውና የወጣው እኩል ከሆነ ሚዛን ንቅንቅ አይልም። እኔ ግን ይህን አላውቅም፤ የማውቀው ምንም ባደርግ ድፍን ሃያ እንደሆንኩ ነው።

አንድ ቀን ጧት ወደ ድልድዩ ሄድን። ድልድዩ ጋ ደርሰን እናውቃለን፣ ተሻግረን ግን አናውቅም። አባቴ ዛሬ ማዶ ድረስ እንሄዳለን፣ እዚያ የማገኛት ሰው አለች አለኝ። እጄን ከእጁ ለማውጣት ሞከርኩ፣ ቀዝቅዞሽ ነው ብሎ አጥብቆ ያዘኝ። ከድልድዩ ሥር ውሃው ቆሻሻ ይዞ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከዚህ በኋላ ያሉትን በሮች አላውቃቸውም፣ በቃሌ ለመያዝ ብሞክርም ዓይኔ እንባ ሞልቶ ምንም አላይም ነበር።

ሴትዮዋ ቁልፍና ክር በጅምላ የምትሸጥ ነጋዴ ናት። አባቴ ዕቃ የሚገዛው ከእሷ ነው፤ ቀድሞ በጋሪ ሠራተኛ ትልክለት ነበር፣ አሁን ግን መሄዱ ካልቀረ ብሎ በእግሩ ሊያመጣ ነው። ይህን ሁሉ ኋላ ነው የሰማሁት። ያኔ ያየሁት በሯ ላይ ወንበር አውጥታ የተቀመጠች፣ ትልቅ ነጠላ ጫማ ያደረገች፣ ከሩቅ ጀምራ እኔን ብቻ የምታይ ሴትዮ ነው። ስንደርስ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ። ይቺ ናት እንዴ ትንሿ ልጅህ አለችው። ይቺ ናት አላት።

«እኔ ልጅ የለኝም፣ ለእኔ ስጠኝ እሷን» አለችው።

አባቴ ከግንባሩ ላቡን እየጠረገ ሳቀ።

«ውሰጃት» አላት። «ሐኪሙም ቀንስ ብሎኛል።»

እንዲህ ያለ ቀልድ ሰው በየደጁ ይቀልዳል። ልጅ ስጠኝ ያላለ፣ ውሰጃት ያላለ ማን አለ? እኔ ግን ለዚህች ቃል ስዘጋጅ ሰንብቻለሁ። እግሬ አውጪኝ ብዬ ወደ መጣንበት ሮጥኩ። ከኋላዬ አባቴ ስሜን ሲጠራ ሰማሁ፣ ከዚያ ጫማው መሬቱን ሲመታ ሰማሁ። አባቴ ሲሮጥ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። ከባድ ነው፣ እየቀረበኝም ነበር፤ ፍርሃቴ ያን ጊዜ ልክ አልነበረውም። ድልድዩን በሩጫ ተሻገርኩ። የማውቃቸው በሮች ታዩኝ። አመለጥኩ አልኩ።

ያን ጊዜ የጫማው ድምፅ ቆመ።

ዞር አልኩ። አባቴ ድልድዩ ጫፍ ላይ፣ መሬት ተቀምጧል። ጀርባውን ለብረቱ ሰጥቷል፣ አንድ እጁ ደረቱ ላይ ነው፣ አፉ ተከፍቷል። ልክ እንደዚያ ቀን። ከኋላው ሴትዮዋ እጇን እያወራጨች ሰው ስትጠራ ይታየኛል። በእኔና በእሱ መካከል ማንም የለም። ቤቴን አውቀዋለሁ፣ መንገዱን በቃሌ ይዤዋለሁ፣ እግሬ ይሮጣል። ብሄድ ማንም አይዘኝም ነበር።

ተመለስኩ።  አጠገቡ ቆምኩና ለሳምንታት በሆዴ የያዝኩትን አወጣሁት።

«አባዬ ቀንሰኝ። ከእንግዲህ አልሮጥም። እሷ ጋ እኖራለሁ። ብቻ አንተ ተነሳ።»

መናገር አልቻለም ነበር። ዓይኑ ግን ተናገረ፤ ምን አልሽ ይላል። እኔም እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፣ ነርሷን፣ ሚዛኑን፣ ዶክተሩ ለልጆችህ ስትል ያለውን፣ እንቁላሉን፣ ከአራት አንድ ሲቀነስ ሦስት መሆኑን። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ይህን ታሪክ ያወራሁለት ሰው ሁሉ ስቋል። አባቴ አልሳቀም። ትንፋሹ ትንሽ ሲመለስለት ሳብ አድርጎ ጭኑ ላይ አስቀመጠኝ። ሸሚዙ ውሃ የገባ ይመስል ርሶ ነበር።

«አንቺን ቀንሼ ምን ሊተርፈኝ ነው?» አለኝ።

«ታዲያ ሃያው ኪሎ ማነው?»

እጄን ወሰደና ሆዱ ላይ አሳረፈው። ይሄ ነው አለኝ። ከራሴ ላይ ነው ቀንስ የተባልኩት፣ ልቤ ይሄን መሸከም ስላቃተው ነው አለኝ። እጄ ሥር ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል። ያ ሁሉ ጊዜ ተጭኖኝ የነበረው ነገር በአንዴ ሲወርድልኝ ተሰማኝ፤ ደስ አለኝ፣ አፍሬም ሳቅኩ። ልጅ ነኝና ግን ወዲያው ሌላ ጥያቄ መጣልኝ።

«ካልቀነስክስ?»

አባቴ ልብስ ሲለካ እንደሚያደርገው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየኝ፣ ይቺን ልጅ ልዋሻት ወይስ አልዋሻት ብሎ የሚያስብ ይመስለኛል። አልዋሸኝም።

«ካልቀነስኩማ የምቀነሰው እኔ ነኝ።»

በቀልድ ቢጤ ነበር የተናገረው፣ ድምፁ ውስጥ ፈገግታ አለ። ቃሉን ግን ከእኔ በላይ የሚያውቀው አልነበረም። ከአራት አንድ። ለራሴ የፈራሁት ፍርሃት ትልቅ መስሎኝ ነበር፤ ይሄኛው ሲመጣ ያኛው ጨዋታ ሆነ። ቢወስዱኝ ኖሮ እንኳ መንገዱን አጥንቻለሁ፣ እመለሳለሁ። እሱ የሚሄድበትን መንገድ ግን አላጠናሁትም። ሸሚዙን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩት፣ ሴትዮዋ የጠራቻቸው ሰዎች መኪና አስቁመው ሊያነሱት ሲመጡም አልለቀቅኩትም፤ አብረው ነው የጫኑን።

ክሊኒኩ ውስጥ ያው ነርስ ያው ሚዛን ላይ አቆመችው። ወርዷል፣ ብዙ ባይሆንም ወርዷል፤ ያ ክብደት ሳይወርድ ይህን ሩጫ ቢሮጥ ኖሮ ሌላ ነገር እናወራ ነበር ብሎ ዶክተሩ ሰምታ የደረሰችውን እናቴን ገሠጻት። ለጥቂት ቀን ይረፍ፣ ከዚያ መሄዱን ይቀጥል፣ መሮጥ የሚባል ነገር ግን እንዳይታሰብ አለ። ነርሷ እኔን ነይ ውጪ ብትለኝ አሻፈረኝ አልኩ። ማን እንደ ሆንኩ አውቄያለሁ፣ ስንት እንደሆንኩ ማወቅ አልፈለግኩም።

የእረፍቱ ቀን ያለቀ ዕለት ከሁሉም ቀድሜ ነቃሁ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። እስትንፋሱን ቆሜ አዳመጥኩ፤ ከዚያ ጠራሁት። ዛሬ እንኳ ይቅርብን፣ ደክሞኛል አለኝ። እንደገና ጠራሁት። እናቴ ከወዲያ ተይው፣ አባትሽን አታስቸግሪው አለችኝ። ጨዋ መሆን የዚያን ቀን አበቃ። ብርድ ልብሱን ገፈፍኩት፣ ጫማውን አምጥቼ እግሩ ሥር ወረወርኩለት።

ቀስ ብሎ ተነስቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ዓይኑን እያሸ ለመሆኑ እስከ የት ልትወስጂኝ ነው አለኝ።

«ከድልድዩ ማዶ» አልኩት።

አባቴ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር ጀመረ። እኔ እስኪጨርስ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።